ከበር ኋላ የቀረ ሽንኩርት

በ1970 ዓ.ም. ሰኔ ሊያልቅ ሲል ነው። ክረምቱ ገና መግባቱ ነበር። የልደታ መንገድ ጭቃ ሆኗል፤ ለታሰሩ ልጆቻችን ስንቅ ይዘን ስንሄድ በአንድ እጃችን ቀሚሳችንን ሰብሰብ እናደርግ ነበር። በዚያ ሰሞን፣ ከማንም በላይ የማምናቸው ሴት እንዳታለሉኝ ዐወቅሁ።

እትዬ ዘነበች ባለፈው ዓመት ዐረፉ። ዕድሜ ጠግበው፣ ቆርበው ነው የሞቱት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። በቀብራቸው ዕለት የድሮዎቹ ሴቶች ተሰብስበን ነበር። ሁላችንም አርጅተናል። አንዷ፣ "ብርሃኔ፣ አንቺ ተናገሪላቸው፤ ከሁላችን የቀረብሻቸው አንቺ ነሽ" አለችኝ። እንቢ አልኩ። ንግግር አላውቅም። ደግሞ ከተናገርኩ ሁሉንም መናገር ሊኖርብኝ ነው፤ የቀብር ቀን ደግሞ ሁሉ አይነገርም። ይቅር ብያቸዋለሁ። ጊዜ ወስዶብኛል እንጂ ብያቸዋለሁ። የሠሩልኝንም አልክድም። ሁለቱንም አንድ ላይ መናገር ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው።

የባልትና አስተማሪ ነበሩ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ሴት ልጆችን ወጥና ስፌት አስተምረዋል። ረጅም፣ ቀጥ ያሉ፣ በበጋም ጃንጥላ የማይለያቸው ሴት ናቸው። መሐረባቸውን እጅጌያቸው ውስጥ ይሸጉጡ ነበር። ባላቸው ቀደም ብለው ሞተዋል፤ ልጅ አልነበራቸውም። ቤታቸው ከእኔ ቤት ሁለት አጥር አልፎ ነው። ልጄ ከመታሰሩ በፊት ሰላምታ ከመለዋወጥ በቀር አልቀርባቸውም። እንዲያውም እፈራቸው ነበር። ሰው ቤት ሲገቡ መጀመሪያ ጣታቸውን መደርደሪያው ላይ ሰደድ አድርገው አቧራውን ያያሉ ይባል ነበር።

በዚያው በ1970 ጥቅምት ላይ የመጀመሪያ ልጄን ዳዊትን ወሰዱት። አሥራ አንደኛ ክፍል ነበር። አብዮት ጥበቃዎች መጥተው ደብተሮቹን አገላበጡ፣ አንድ ወረቀት አገኙ፣ የጫማውን ክር እንኳ ሳያስር ይዘውት ሄዱ። ወረቀቱ ምን እንደሚል እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ላንብበው ብል አልሰጡኝም። አባቱ ከሁለት ዓመት በፊት ታሞ ሞቶብኝ ነበር። እኔና የሰባት ዓመቷ ልጄ ሰናይት ቀረን። ጎረቤት በሩን ዘጋ። አልፈርድበትም፤ ያን ጊዜ ሁሉም የሚፈራለት ልጅ ነበረው።

የታሰረው በከፍተኛው፣ ከቀበሌ በላይ በነበረው ጽሕፈት ቤት፣ ግቢ ነው። ድሮ የአንድ ሀብታም ቤት የነበረ፣ በትልቅ የቆርቆሮ በር የተዘጋ ግቢ። በየቀኑ ከእኩለ ቀን በፊት ስንቅ እናደርሳለን። ልጆቻችንን አናይም። ደብዳቤ አይፈቀድም። ጠባቂው ቋጠሯችንን ተቀብሎ የትናንቱን ባዶ ሳህን ይመልስልናል። ባዶ ሳህን ከተመለሰ ልጁ አለ። ከዚህ ሌላ የምናውቀው ነገር አልነበረም። አንዳንድ ቀን ጠባቂው እጁን ሳይዘረጋ "ከእንግዲህ አታምጪ" ይላል። ምን ማለት እንደሆነ ማንም አያስረዳንም፤ አያስፈልግምም። እዚያ ማልቀስ ክልክል ነው። ያለቀሰች እናት በዚያው በር ተይዛ ስትገባ በዐይኔ አይቻለሁ።

እትዬ ዘነበች እዚያ የመጡት የእህታቸው ልጅ ታስሮ ነው። እሱ በኋላ ተፈታ። እሳቸው ግን መምጣታቸውን አላቆሙም።

እኔ ዳዊት ከተወሰደ ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። ጾም አይደለም፤ ጾምማ የሚያበቃበት ሰዓት አለው። በአራተኛው ቀን ሰልፍ ላይ እንደቆምኩ ዐይኔ ጨለመ። ክንዴን የሚይዘኝ ሰው ተሰማኝ።

"ምን ይዘሽ መጣሽ?" አሉኝ እትዬ ዘነበች።

"ሽሮ።"

"ጨው አለው?"

"እንጃ። አልቀመስኩትም።"

"ጨው መኖሩን ሳታውቂ ለልጅ ትልኪያለሽ? ነይ እስቲ።"

አጥሩ ሥር አስቀመጡኝ። "የእኔ ምላስ አርጅቷል፤ ጨው አይለይም። የእነዚህን ሁሉ ጨው አንቺ ቅመሺልኝ። አንዱ ልጅ ጨው አልባ ቢበላ ጥፋቱ ያንቺ ነው።"

የአሥራ ሁለት እናቶች ቋጠሮ ተፈታ። ሐሙስ ነበር፤ ጾም አይደለም። ከእያንዳንዱ ቆርሼ ቀመስኩ። ምስር፣ ጎመን፣ ድንች፣ ሽሮ፣ እንደገና ሽሮ። "ይኸኛው ጨው ያንሰዋል" እያልኩ። ስምንተኛው ላይ ስደርስ እየበላሁ መሆኔን ዐወቅሁ። ቀና ብዬ አየኋቸው። ፊታቸውን አዙረው ጃንጥላቸውን ይጠቀልሉ ነበር።

ምላሳቸው ጨው እንደሚለይ ከጊዜ በኋላ ደረስኩበት። ጨው የበዛበትን ወጥ ገና ሲሸታቸው ያውቁታል። የመጀመሪያው ውሸታቸው ያ ነበር። ያን ጊዜ ስቄ አመሰገንኳቸው።

ሰልፉ ላይ ሕግ ነበራቸው። "እንዴት ነሽ?" ማለት አይቻልም። እንዴት ነሽ የተባለች እናት ታለቅሳለች፤ ካለቀሰች ትያዛለች። በዚያ ፈንታ "ምን ይዘሽ መጣሽ?" እንባባል ነበር። ሳህናችንን ተቀብለን ስንበተን ደግሞ እያንዳንዳችንን "ነገ ምን ታመጪያለሽ?" ብለው ይጠይቁናል። መልስ ሳይሰጧቸው መሄድ የለም። "ነገ ጎመን" ትላለች አንዷ። ነገ የሚባል ነገር እንዲኖረን ነበር የሚጠይቁን። አዲስ የመጣች እናት "እውነት ለልጄ ይደርሰዋል?" ካለቻቸው ደግሞ ትከሻዋን ይዘው "ይደርሰዋል" ይሏታል። ሁልጊዜ ይኸው ነው መልሳቸው።

ወርቅነሽ የምትባል የሥጋ ሻጭ ሚስት ነበረች፤ ልጇ ከዳዊት ጋር ነው የታሰረው። አፏ አያርፍም።

"እንግዲህ ደርግ ስብሰባ ከለከለ፣ እትዬ ዘነበች ደግሞ ሰላምታ ከለከሉን" አለች አንድ ቀን።

"ቀስ በይ አንቺ፣ ይሰሙሻል" አልኳት።

"ይስሙኛ! ስለ ወጥ አይደል የማወራው? ምን ይዘሽ መጣሽ ብርሃኔ?"

"ምስር።"

"ትናንትም ምስር፣ ከትናንት ወዲያም ምስር! መንግሥት ቢፈታው እንኳ ያን ልጅ ከአንቺ ምስር ማን ያስፈታዋል?"

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። አፌን በነጠላዬ ሸፈንኩ። ዳዊት ከተወሰደ ወዲህ የመጀመሪያ ሳቄ ነበር።

ለሁሉም ሥራ ሰጡን። ወርቅነሽ ሰልፍ ታስይዛለች። እኔ መርፌ እንደምይዝ ሲያውቁ የቋጠሮዎቹን ምልክት ሰጡኝ። ጠባቂዎቹ ቋጠሮ ይቀላቅሉ ነበር። የአንዱ ስንቅ ለሌላው ይገባል፣ ሳህን ይጠፋል፤ ሳህኗ ያልተመለሰላት እናት ልጇ የሞተ መስሏት መንገድ ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ በየጨርቁ ጥግ በቀለም ክር ምልክት እሰፋ ጀመር። ለወርቅነሽ ቀይ መስመር። ለዳዊት አረንጓዴ መስቀል።

ቀጥሎ አምስት ልጆች ጨመሩብኝ። ከየክፍለ ሀገሩ ለትምህርት የመጡ፣ አዲስ አበባ ዘመድ የሌላቸው እስረኞች ናቸው። እህሉን ከሌሎቹ ሴቶች ይሰበስቡልኛል፤ ማብሰሉና ማድረሱ የእኔ ነው። "አምስቱ በአንቺ እጅ ናቸው" አሉኝ። መልካቸውን አይቼ አላውቅም። ስማቸውን በቃሌ ያዝኩ፤ በጸሎቴ ከዳዊት ቀጥሎ እጠራቸው ነበር። ጠዋት ስነቃ የምነሣበት ምክንያት አገኘሁ። ይህን የሰጡኝ እሳቸው ናቸው።

አሁን ስለ ሽንኩርቱ ልናገር።

ለተገደለ ልጅ ማዘን ክልክል ነበር። ለቅሶ መቀመጥ የለም፣ ጥቁር መልበስ የለም። ከጠባቂዎቹ አንዱ የእትዬ ዘነበች የቀድሞ ተማሪ ባል ነበር፤ ስሙን ለማንም ነግረው አያውቁም። እሱ "አታምጪ" የሚባሉትን ስም አንድ ቀን አስቀድሞ ይነግራቸዋል። እናትየዋ በሩ ላይ ቆማ እንዳትሰማው ራሳቸው ቤቷ ይሄዳሉ። ሲሄዱ ዘንቢል ሙሉ ቀይ ሽንኩርት ይይዛሉ። "ነይ፣ ሽንኩርት እንላጥ" ይሏታል። ሁለት ሦስት ሴቶች ይጠራሉ። በሩ ክፍት ይሆናል። የቀበሌ ሰው ቢያልፍ የሚያየው ሽንኩርት የሚከትፉ ሴቶችን ነው። እንባ ቢወርድ ሽንኩርቱ ነው። ዐይን ቢያብጥም ሽንኩርቱ ነው። ቀኑን ሙሉ እየከተፉ ያለቅሳሉ። የተከተፈው ይቁላላል፤ በማግስቱ ወጥ ሆኖ በሕይወት ላሉት ልጆች ይገባል።

ኅዳር ላይ ለወርቅነሽ ሄዱላት። እኔም አብሬ ነበርኩ። ወርቅነሽ በሩን ከፍታ ዘንቢሉን አየች። ያ ሁሉ አፍ ዝም አለ። መደቡ ላይ ቁጭ አለች።

"ስንት ኪሎ ነው?" አለች።

"አምስት" አሉ እትዬ ዘነበች።

"አይበቃኝም።"

ሌላ አምስት ኪሎ ተገዛ። በአራተኛው ቀን ወርቅነሽ ሰልፍ ልታስይዝ ተመለሰች።

የዚያን ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ ልደታ ማርያም ደጃፍ አቆምኳቸው።

"እትዬ ዘነበች፣ የእኔ ቀን ከመጣ በዚያው ዕለት ይንገሩኝ። አባቱን በሥርዓት ቀብሬዋለሁ። ልጄ ፍትሐት ሳይደረግለት፣ እኔ ሳልቆምለት አርባው እንዳያልፍብኝ።"

"እነግርሻለሁ።"

"በእሷ ይማሉልኝ።"

ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሩ። ተሳለሙ። "በእሷ" አሉ።

የካቲት ላይ፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ፣ አንድ ጠዋት ቤቴ መጡ። ስድስቱን ሳህን ደርድሬ እየጨለፍኩ ነበር። ሰናይት አጠገቤ ክር ትለያለች። መዝሙር እያንጎራጎርኩ ስለነበር መግባታቸውን አልሰማሁም። ዞር ስል በሩ ላይ ቆመዋል። የያዙትን ከበሩ ኋላ አኖሩ።

"ሻይ ላፍላልዎ?"

"ተይው፣ አልቆይም።" ሳህኖቹን አዩ። "ስድስት" አሉ።

"ስድስት። ይኸኛው የዳዊት ነው። አብዝቼለታለሁ፤ አድልቻለሁ።"

መሐረባቸውን ከእጅጌያቸው አወጡ፣ መልሰው ሸጎጡት።

"የዳዊትን የክርስትና ስም ንገሪኝ። አባ ዘንድ ጸሎት ላስይዝለት።"

"ፍቅረ ማርያም" አልኳቸው። ልቤ ሞላ። ሰው ሁሉ የልጄን ስም መጥራት ሲፈራ እሳቸው በጸሎት ሊያስጠሩልኝ ነው። ልስማቸው ጎንበስ ስል ቀድመው እጄን ሳሙኝ። ደነገጥኩ፤ በዕድሜ እናቴ ናቸው። ከበሩ ኋላ ያኖሩትን አንሥተው ወጡ።

ሰናይት ቤት ስትጠርግ ከበሩ ኋላ አንድ ሽንኩርት አገኘች።

"እማዬ፣ ይሄ ከየት መጣ?"

"ከእኛው ተንከባሎ ይሆናል። አምጪው" አልኳት።

ላጥኩት። በማግስቱ ለስድስቱ ሳህን ወጥ ቁሌት ሆነ። ዐይን እንኳ የማያቃጥል ሽንኩርት ነበር።

ዳዊት ከልጅነቱ የእንጀራ ዳር አይበላም። መሀሉን በልቶ ዳሩን ዙሪያውን ይተወዋል። ስንት ጊዜ ተቆጥቼዋለሁ። እስር ቤት ከገባ በኋላ ያ ዳር ደብዳቤዬ ሆነ። ሳህኑ ሲመለስ ጥግ ላይ ቁራሽ ዳር አያለሁ፤ ልጄን ያየሁ ያህል ይሆንልኛል። ከዚያ የካቲት በኋላ ሳህኑ ጥርግ ብሎ ይመለስ ጀመር። ሮጬ ለእትዬ ዘነበች ነገርኳቸው።

"ዳዊት ዳሩን መብላት ጀመረ! አሥራ ሰባት ዓመት ለምኜው ያልሰማኝን!"

"ጎሽ" አሉ። ጃንጥላቸውን ዘረጉ። ፀሐይም ዝናብም አልነበረም።

ለፋሲካ ዶሮ ሠራሁ። አንዱን እግርና አንድ እንቁላል ለዳዊት አኖርኩ። እኔና ሰናይት በመረቁ ፈሰክን። ሳህኑ አጥንት ብቻ ይዞ ተመለሰ። ተግጦ ነጥቷል። ያን አጥንት ይዤ "ተመስገን" ብያለሁ።

ሰኔ ሃያ፣ የሰኔ ጎልጎታ ዋዜማ፣ አባ ኅሩይ ዘንድ ሄድኩ። የእትዬ ዘነበች የንስሐ አባት ናቸው። ስሙን ቀድመው እንዳስያዙልኝ ዐውቃለሁ። ግን እናቱ ነኝ፣ ለእመቤታችን በዓል በራሴ አፍ ልስጠው ብዬ ነው። አባ አንድ ደብተር አላቸው፤ ከፊቱ የሕያዋን ስም ይጻፋል፣ ከኋላው የሙታን።

"ፍቅረ ማርያም። ታስሮብኝ ያለ ልጄ ነው፣ አባ።"

ከፊቱ ገጽ ሊጽፉ ብዕራቸውን አነሡ። ቆም አሉ።

"ከእትዬ ዘነበች ጋር ናችሁ? መጠሪያ ስሙ ዳዊት የሚባለው ነው?"

"አዎ አባ፣ ዳዊት!" ደስ አለኝ። ልጄን ያውቁታል።

ደብተሩን ገለበጡት። ከኋላው ከፈቱት።

"እሱማ ከየካቲት ጀምሮ እዚህ አለ። ፍትሐቱም ተደርጎለታል፣ አርባውም ወጥቶለታል። አይዞሽ። እግዚአብሔር ነፍሱን ይማርልሽ።"

ገጹን አየሁት። በብዙ ስም መካከል የልጄ ስም አለ። ቀለሙ ደርቆ ቆይቷል።

አባ ፊቴን አዩ። ደብተሩን ዘጉ። "ልጄ፣ አልነገሩሽም እንዴ?" አሉ።

"ነግረውኛል፣ አባ" አልኳቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው። ለዚህም በኋላ ንስሐ ገብቻለሁ። ውሸት ከሰው አፍ እንዴት ሳይጠሩት እንደሚወጣ ግን ያን ጊዜ ዐየሁት።

ዝናቡን ሳልጠለል ቤታቸው ሄድኩ። መስኮቱ ሥር ተቀምጠው ምስር ይለቅሙ ነበር። ዘንቢሉ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

"ሽንኩርቱን ይዘው መጥተው ነበር" አልኳቸው።

እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ። "ማን ነገረሽ?"

"በማን ነበር የማሉልኝ? እሷ ናት የነገረችኝ።"

"ቁጭ በይ፣ ብርሃኔ።"

"አልቀመጥም። ለምን መልሰው ወሰዱት?"

እንደ ወትሯቸው ቀጥ ብለው ተናገሩ። "ስድስት ሳህን ደርድረሽ አየሁ። ታንጎራጉሪ ነበር። ድምፅሽን እንዲያ ሰምቼው አላውቅም። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። በነጋታው ስድስት ቋጠሮ ተሸክመሽ ከሁሉም ቀድመሽ ሰልፍ ላይ አገኘሁሽ። ዛሬም ይለፋት አልኩ። ሳምንት ሆነ። ከዚያ በኋላ ደግሞ፣ እስካሁን ለምን አልነገሩኝም እንዳትይኝ ፈራሁሽ። እውነቱ ይኸው ነው።"

"ለወርቅነሽ ነግረዋታል። ለሁሉም በየተራው ነግረዋቸዋል። እኔን ብቻ።"

"ወርቅነሽ ትጮኻለች፣ ይወጣላታል። አንቺ ዝም ትያለሽ። ዝም ብለሽ ብትሞቺብኝስ? አምስቱንስ ማን ያበላቸዋል?"

"ስለዚህ ለአምስቱ ብለው የእኔን ወሰዱብኝ።"

"ልጅሽን እኔ አልወሰድኩብሽም።"

"ሞቱን ነው የወሰዱብኝ" አልኩ።

ምስሩን ከጭናቸው አነሡት። "ፍትሐቱን አላስቀረሁበትም" አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። "አርባውን እኔ ቆሜለታለሁ። ከቅዳሴ እስከ ቅዳሴ፣ እንደ እናት ቆሜለታለሁ።"

ጮኼ አላውቅም። ያን ቀን ጮኽኩ። "እናቱ እኔ ነኝ! አንቺ መች ወልደሽ ታውቂያለሽ?"

አንቺ አልኳቸው። ይህን ቃል ብመልሰው ደስ ይለኝ ነበር። መሐረባቸውን ከእጅጌያቸው አወጡ።

"የዳዊትን ሳህን ማን ይበላው ነበር?"

"ከአሰላ የመጣ አንድ ልጅ። ማንም የለውም። ያ ጠባቂ፣ የተማሪዬ ባል፣ በሩ ላይ አታምጪ እንዳይሉሽ ለምኜው፣ ለእሱ ያስገባለታል።"

"ዳሩን የሚበላው እሱ ነዋ።"

"እሱ ነው።"

የፋሲካው አጥንት ትዝ አለኝ። ዘንቢሉን ከግድግዳው ላይ አወረድኩት፤ ከዕቃ ቤታቸው ሽንኩርት ሞላሁበት። አልከለከሉኝም። ስወጣ ከኋላዬ፣ "ብርሃኔ፣ ነገ ምን..." አሉና ተዉት።

በሬን ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሰናይትን አቀፍኳትና ስለ ወንድሟ ነገርኳት። ወርቅነሽ ማን እንደነገራት እንጃ፣ ቢላዋዋን ይዛ መጣች።

"ታውቂ ነበር?" አልኳት።

"ጠርጥሬ ነበር። መጠየቅ ፈራሁ።" አንድ ሽንኩርት አነሣች። "ልትመቺኝ ትችያለሽ። መጀመሪያ ግን እንላጥ።"

ላጥን። የሸሸጉኝን የአራት ወር እንባ በአንድ ከሰዓት በኋላ ለመጨረስ ሞከርኩ። የቀበሌው ሊቀ መንበር በበሩ ሲያልፍ ቆም ብሎ አየንና፣ "ምን ድግስ ነው?" አለ። ወርቅነሽ ቀና ሳትል፣ "ጌታው፣ ሽንኩርቱ ረክሶ ነው" አለችው። ሄደ።

ሲነጋ ተነሣሁ። ጸሎቴን አደረስኩ። የዳዊትን ስም ከሙታን ወገን ጠራሁት፤ አፌ ለመደው ማለት አልችልም፣ ግን ጠራሁት። ስድስቱን ሳህን ደረደርኩ። ከአሰላ የመጣው ልጅ ምንም አላጠፋም። የዳዊትን ጨርቅ አጥፌ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኩ፤ የአሰላውን ልጅ ስንቅ በሌላ ጨርቅ ቋጠርኩ። ወጥቼ ሰልፍ ያዝኩ።

እትዬ ዘነበች ከሰልፉ ጫፍ ቆመዋል። ዝናብ እያካፋ ጃንጥላቸውን አልዘረጉም። ሰላም አላልኳቸውም።

አንዲት ሴት በጭቃው እየተንሸራተተች መጣች። ሳህኗን በአዲስ ፎጣ ጠቅልላዋለች፤ ምልክት የለውም። "ስንቅ የሚሰጠው እዚህ ነው?" አለች። ሴቶቹ ሁሉ እንደ ልማዳቸው ወደ እትዬ ዘነበች ዞሩ። እሳቸው ወደ እኔ አዩ።

"ምን ይዘሽ መጣሽ?" አልኳት።

"ፍርፍር።"

ፈትቼ ቀመስኩት። "ጨው አለው" አልኳት። መርፌዬን ከነጠላዬ ጥግ ነቀልኩ።

ክንዴን ያዘችኝ። "እህቴ፣ በማርያም፣ እውነት ለልጄ ይደርሰዋል?"

መልሱን ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። እትዬ ዘነበች መሬት መሬት ያዩ ነበር።

"ምግቡ ይገባል" አልኳት። "የሚበላው የተራበ ልጅ አለ። ያንቺ ይሁን የሌላ፣ አላውቅም። ያወቅሁ ዕለት ግን በዚያው ዕለት እነግርሻለሁ።"

ሴትዮዋ ቋጠሮዋን ወደ ደረቷ ሳበችው። ጥቂት ይዛው ቆየች። ከዚያ ሰጠችኝ።

መርፌው ላይ የነበረው አረንጓዴ ክር ነው። እሱን አወጣሁና ሰማያዊ አስገባሁ።

"ስሙ ማን ነው?" አልኳት።